ሁሉን እኩል ይቀበላል ወይ? የአንድ የውስጥ ደዌ ትምህርት ክፍል ግምገማ ከጎጃም

ይህ ግምገማ በጎጃም የሚገኝ አንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ትምህርት ክፍል የሚሰጠውን አገልግሎት ይመለከታል። የሕክምናውን ጥራት በጠቅላላ አንመዝንም። ጥያቄያችን ጠበብ ያለ ነው፤ አማርኛ የማትሰማ የአገው እናት፣ መስማት የተሳነው ወጣት፣ እግሩ በዝሆኔ ያበጠ ገበሬ፣ ነፍሰ ጡር ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለች ሐኪም)፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ የሕክምና ተማሪ እዚህ ክፍል ሲመጡ ከሌላው እኩል ይስተናገዳሉ ወይ? የሆስፒታሉን ስም ሆን ብለን ትተናል፤ የምናነሣቸው ጉድለቶች የአንድ ቤት ብቻ አይደሉምና።

በተመላላሽ ሕክምናው መግቢያ ላይ ማንኛውም ታካሚ ያለ አድልዎ እንደሚስተናገድ የሚገልጽ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። የማስታወቂያውን እውነትነት ለማጣራት ሁለት ወረቀቶችን ማየት ይበቃል፤ የዕቃ መጠየቂያ ቅጹንና የተረኞች ዝርዝሩን። መጋዘኑ ምን ቁጥር ጓንት እንዳዘዘ፣ ሌሊት የሚያስተረጉም ሰው ተመድቦ እንደሆነና እንዳልሆነ ያየ፣ ክፍሉ ማንን አስቦ እንደሚሠራ ወዲያው ይገባዋል።

ከቋንቋ እንጀምር። ክፍሉ የሚመሰገንበት ትልቁ ሥራም፣ ከባዱ ስሕተት የሚፈጠርበት ቦታም ይኸው ነው። ከእንጅባራ፣ ከዳንግላና ከቻግኒ ዙሪያ ከአገውኛ ሌላ የማይናገሩ አዛውንቶች ይመጣሉ። ከመተከል በኩል ጉሙዝኛና ሺናሽኛ፣ ከዓባይ ማዶ ደግሞ ኦሮምኛ የሚናገሩ አሉ። ክፍሉ በልየታው (ታካሚዎች እንደ ሕመማቸው ክብደት መጀመሪያ በሚለዩበት) ጠረጴዛ ላይ ከነርሶች፣ ከጽዳት ሠራተኞችና ከሬዚደንቶች መካከል እነዚህን ቋንቋዎች የሚችሉትን ከነስልክ ቁጥራቸው ዘርዝሮ ለጥፏል። ታካሚው የሚናገረው ቋንቋም በካርዱ ሽፋን ላይ በቀይ ይጻፋል፤ ስለዚህ ከልየታ ወደ ምርመራ፣ ከምርመራ ወደ አልጋ ሲዘዋወር በየደረጃው እንደ አዲስ አይጠየቅም። ገንዘብ የማይፈልግ፣ ግን ብዙዎች ያላሰቡት ሥራ ነው። ሌሎች ክፍሎች ነገውኑ ቢቀዱት ደስ ይለናል።

ችግሩ ዝርዝሩ የሚሠራው በሥራ ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚያስተረጉመው አብሮ የመጣ አስታማሚ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ትምህርት ቤት የገባ የልጅ ልጅ። ልጁ አያቱን ስለ ሽንት፣ ስለ ማሕፀን ደም ወይም ስለ ኤችአይቪ መጠየቅ ያፍራል። ጥያቄውን ይዘለዋል፣ ወይም ሳይጠይቅ በራሱ «የለባትም» ብሎ ይመልሳል። ዐዋቂ ሲያስተረጉም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እናትዬዋ ብዙ ሲናገሩ ቆይተው አስተርጓሚው «ደረቴን ያመኛል ነው የሚሉት» ብሎ ይቋጨዋል። በዚያ አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ የቀረው ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸውና ሦስት ትራስ ደርበው እንደሚተኙ ነበር። ይህ የልብ ድካም ዋና ምልክት ነው። ሐኪሙ ሳይሰማው ከቀረ ታካሚዋ በጨጓራ መድኃኒት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ክፍሉ ለአስተርጓሚዎቹ ሥልጠና አልሰጠም፤ መስጠት አለበት። ሥልጠናው ከግማሽ ቀን አይበልጥም። አስተርጓሚው ከታካሚው ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይቀመጥ። ሐኪሙ ፊቱን ወደ ታካሚው ያዙር እንጂ ለአስተርጓሚው «ምን ትላለች?» አይበል። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ፣ ያውም በአጭሩ ይቅረብ፤ «ሳል፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ አለብዎት?» ተብሎ ሦስቱ በአንድ ትንፋሽ ከተጠየቀ የሚመለሰው የመጨረሻው ብቻ ነው። አስተርጓሚው ታካሚው ያለውን ሁሉ፣ የማይጠቅም የመሰለውንም ጭምር ያስተላልፍ። የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ከመገመት ይልቅ «አልገባኝም» ማለት እንደሚችል አስቀድሞ ይነገረው። የሰማውንም ከክፍሉ ይዞ እንዳይወጣ ቃል ያስገቡት፤ በአንድ ወረዳ ሰው መካከል ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

መጨረሻ ላይ «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ቤትዎ ሲገቡ ይህን መድኃኒት እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ያሳዩኝ» ሲባል ግን ስሕተቱ እዚያው ይወጣል። በተለይ ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ለሚወስዱ የልብ ሕሙማን ግማሽ ፍሬና አንድ ፍሬ መለዋወጥ በአንጎል ውስጥ እስከ መድማት ያደርሳልና ክፍሉ ይህን ማሳየት ግዴታ ቢያደርገው ተገቢ ነው።

ሌላው ያልተፈታ ነገር ክፍያ ነው። ኮሪደር የምታጥበው ሠራተኛ ለማስተርጎም ስትጠራ የራሷ ሥራ ይቆማል፤ ኃላፊዋም ይቆጣታል። ያስተረጎመችበት ሰዓት በትርፍ ሰዓት ቅጽ ላይ ካልተመዘገበላት ከጥቂት ወር በኋላ ስልኳን ማንሣት ብታቆም አይፈረድባትም። ለሌሊቱ ደግሞ ከእያንዳንዱ ቋንቋ ቢያንስ አንድ ሰው በስልክ ተረኛ ሆኖ ይመደብ፤ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ በታካሚውና በሐኪሙ መካከል ማስቀመጥ በአካል እንደመገኘት ባይሆንም ከልጅ ማስተርጎም እጅግ ይሻላል።

መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት አለ። ቀጠሮ በእነዚህ ቀናት እንዲያዝ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካርድ ክፍሉ በራሱ አያስታውስም። በሌላው ቀን ሬዚደንቶቹ ወረቀትና እስክሪብቶ ያቀርባሉ። ይህ የሚያዋጣው ትምህርት ቤት ለገባ ብቻ ነው። በገጠር ብዙ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ፊደልም፣ መደበኛውን የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም የመማር ዕድል አላገኙም፤ የሚግባቡት በቤት ውስጥ በተፈጠረ ምልክት ነው። ለእነሱ የቤተሰብ አባልና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሁለቱም አብረው መቀመጥ አለባቸው። የአፍ መሸፈኛም ከንፈር አይቶ የሚረዳን ሰው ሙሉ በሙሉ ይቆርጠዋል። የሳንባ ነቀርሳ ጥርጣሬ ከሌለ መስኮት ከፍቶ፣ ራቅ ብሎ፣ መሸፈኛውን አውርዶ ማነጋገር ይቻላል።

ስለ አነጋገርም አንድ ነገር እንበል። በጠዋቱ ራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን በየአልጋቸው በሚያዩበት ዙር) ላይ ሸማ የደረቡት ሽማግሌ «አንተ»፣ ከጎናቸው የተኛው ሱፍ ለባሽ «እርስዎ» ሲባሉ ይሰማል። ተማሪው ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ ከሲኒየሩ፣ ከከፍተኛው ሐኪም፣ አፍ ነው የለቀመው። ስለዚህ ሊታረም የሚችለውም እዚያው፣ አልጋው አጠገብ፣ ሲኒየሩ ራሱ «አባቴ፣ ሌሊቱን እንዴት አደሩ?» ብሎ ሲጀምር ነው። የክፍሉ ነርሶች በዚህ ከሐኪሞቹ በብዙ ይሻላሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

አሁን ወደ መሣሪያውና ወደ ስሌቱ እንለፍ። ይህ ክፍል ትምህርት ክፍል ነውና፣ በውጭ አገር ሰው አካል ላይ ተለክቶ የመጣውን ዕውቀት እንዴት እንደሚያስተምር መገምገም አለበት። ጥሩ ምሳሌ የኩላሊት ሥራ ስሌት ነው። በደም ውስጥ ካለው ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከሚያስወግደው ቆሻሻ) ተነሥቶ የኩላሊትን አቅም የሚያሰላው የ2009 እ.ኤ.አ. ቀመር ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛል፤ ከእሱ በፊት የነበረው ደግሞ በ1.212 ያባዛ ነበር። ብዜቱ የተገኘው ከጥቁር አሜሪካውያን መረጃ ነው፤ በአፍሪካ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ለአፍሪካውያን እንደማይስማማ አሳይተዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ዘር የሌለበት አዲስ ቀመር ወጥቶ በአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበራት ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል። ሆኖም በብዙ ሬዚደንቶች ስልክ ላይ ያለው ማስሊያ አሁንም «ጥቁር ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጎጃም ውስጥ ደግሞ ሁሉም «አዎ» ይላል። ውጤቱን እንየው፤ 28 የነበረው የኩላሊት አቅም 32 ይሆናል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ከ30 በታች መቆም ስላለበት፣ መቆም የነበረበት መድኃኒት ይቀጥላል ማለት ነው። ወደ ኩላሊት ሐኪም የሚላክበት ቀንም ይገፋል። ክፍሉ በሴሚናር ይህን አስተምሯል፤ ቤተ ሙከራው የሚያወጣው ወረቀት ላይ ግን ቀመሩ የትኛው እንደሆነ አልተጻፈም። አንድ መስመር መጨመር ይበቃል።

የጣት ኦክስጅን መለኪያውም እንዲሁ ነው። መሣሪያው 660 እና 940 ናኖሜትር ገደማ ሞገድ ያላቸውን ሁለት ብርሃኖች በጣት ውስጥ አሳልፎ ያነጻጽራል። የቆዳ ጥቁረት ብርሃኑን ስለሚውጥ፣ አብዛኛው መሣሪያም የተስተካከለው በብዛት ፈካ ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ ካለው በላይ ያነባል። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የወጣ ጥናት መሣሪያው የኦክስጅን መጠናቸውን ከ92 እስከ 96 በመቶ ካነበበላቸው ጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ የሚሆኑት ከደም ወሳጅ በተቀዳ ደም ምርመራ ከ88 በታች ሆነው እንደተገኙ አሳይቷል፤ በነጮች ይህ 3.6 በመቶ ነበር። ደብረ ማርቆስን የመሰለ 2,400 ሜትር አካባቢ የሚገኝ ከተማ ላይ የጤነኛ ሰው ንባብም ከባሕር ጠለል ትንሽ ዝቅ ስለሚል፣ «ከፍታው ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሕመምተኛ አይጠፋም። ሁለቱ ሲደራረቡ 91 ያነበበ ሰው እውነተኛ መጠኑ ከዚያ በብዙ ሊወርድ ይችላል።

ሦስተኛው የአገራችን ነው፤ ጥፍር ላይ ያለ እንሶስላና የጥፍር ቀለም። ቀለም ያልነካው ጣት ይፈለግ፤ ካልተገኘ መሣሪያው ዞሮ ጥፍሩን ሳይሸፍን በጣቱ ግራና ቀኝ ይያዝ። እጅ ከቀዘቀዘ ይሞቅ፤ ቁጥሩ እስኪረጋጋ 30 ሰከንድ ይጠበቅ። ትንፋሽም ሙሉ 60 ሰከንድ ይቆጠር እንጂ በ15 ሰከንድ አይገመት። ንባቡ 94 ሆኖ ሰውየው በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ የሚታመነው ትንፋሹ ነው። የክፍሉ ኢንተርኖች (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች) ይህን በሚገባ ያውቃሉ፤ በግድግዳው የተለጠፈው መመሪያ ግን ከውጭ እንደመጣ የተገለበጠ ነው። የተማሪዎቹ የሥዕል ማስተማሪያዎችም አሁንም በነጭ ቆዳ ላይ የታዩ ሽፍታዎችን ያሳያሉ። በእኛ ታካሚዎች ቆዳ ላይ የመኝታ ቁስል ሲጀምር ቅላት ላይታይ ይችላል፤ በመዳፍ ጀርባ ዳስሶ ሙቀቱንና ጥጥርነቱን ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የኦክስጅን እጥረት በምላስና በድድ፣ የደም ማነስ በዓይን ቆብ ውስጥ ይታያል።

ዝሆኔ ለብቻው መነሣት ይገባዋል። በጎጃም ደጋ በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ያም ሆኖ እነዚህ ታካሚዎች ወረፋ ሲጠብቁ በመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከሌላው ርቀው ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ የሚመጡት ለስኳር ወይም ለደም ግፊት ነው፤ እግራቸው ግን ካልሲ እንደለበሰ ሳይታይ ይሸኛሉ። ክፍሉ በተመላላሹ ጓሮ የእግር ማጠቢያ ቦታ ከፍቷል፤ በጣም ጥሩ አድርጓል። እግሩ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ 4 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ተጨምሮ ለ15 ደቂቃ ይነከራል፤ በጣቶች መካከል ሳይቀር ደርቆ ቫዝሊን ይቀባል፤ ካልሲና ጫማ ይደረጋል። የጎደለው ጫማው ነው። ላበጠ እግር የሚሆን ሰፊ ጫማ በገበያ አይገኝም፤ ከአካባቢ ጫማ ሰፊ ጋር ውል ካልተገባ እጥበቱ ቤት ሲገባ ከንቱ ይሆናል።

ወደ ሬዚደንቶቹ እንምጣ። በመጋዘኑ የሚገኘው የጸዳ ጓንት ቁጥር 7.5 ብቻ ነው። አምራቾች ግን 6፣ 6.5፣ 7፣ 7.5፣ 8 እያሉ ይሠራሉ፤ ለብዙ ሴት ሐኪሞች የሚሆነው 6 ወይም 6.5 ነው። ጫፉ የተረፈ ጓንት ከሳንባ ሽፋን ፈሳሽ ሲቀዳ ወይም ከወገብ ሲወሰድ በመርፌው ይያዛል፤ የጣት ስሜትንም ይቀንሳል። ከዚያ «እጇ ከባድ ነው» የሚል አስተያየት በምዘናዋ ላይ ይጻፋል። መፍትሔው በሚቀጥለው የዕቃ መጠየቂያ ላይ የእያንዳንዱን ሐኪም ቁጥር ጠይቆ በዚያ ልክ ማዘዝ ነው፤ ጠቅላላ ብዛቱ አይጨምርም።

በሳንባ ነቀርሳ ክፍል የሚለበሰው ኤን 95 የተባለው አየር የሚያጣራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም በአንድ መጠን ብቻ ይመጣል። ጠባብ ፊት ላይ በአፍንጫ ጎን አየር ያስገባል። ለብሶ በሁለት እጅ ሸፍኖ በኃይል መተንፈስ፣ በጠርዙ በኩል አየር ከወጣ ማስተካከል ወይም ሌላ መጠን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሒጃብ ወይም ሻሽ የምታደርግ ሐኪም ማሰሪያውን ከጨርቁ ሥር ብታደርገው አይንሸራተትም። ጢም ያለው ሐኪም ደግሞ መሸፈኛው ከቆዳው ጋር ስለማይጣበቅ ጥበቃው ይቀንሳል፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ጢሙን የማይላጭ ከሆነ መድኃኒት በተላመደ ነቀርሳ ክፍል ባይመደብ ይሻላል።

የወሊድ ጉዳይ የክፍሉ ደካማ ጎን ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ፣ እንዲሁም የሕፃናት ማቆያ ደንግጓል። ፈቃዱ ይሰጣል። ግን የሄደችበት ተረኛነት ለጓደኞቿ ይከፋፈላል፤ ስትመለስ «ዕዳ» ሆኖ በእጥፍ ይጠብቃታል። ይህ ፈቃድ ሳይሆን ብድር ነው። የዓመቱ የተረኞች ዝርዝር ሲወጣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ለፈቃድ እንደሚወጣ ታሳቢ ተደርጎ ቢሠራ ማንም በማንም አይከፋም። የማጥባት ክፍል የለም፤ የተረኛ መኝታ ክፍሉም ለወንድና ለሴት አንድ ሆኖ ቁልፍ የለውም። የሚያስፈልገው ከውስጥ የሚቆለፍ ጠባብ ክፍል፣ ሶኬት፣ ወንበርና ትንሽ ፍሪጅ ነው። የታለበ የጡት ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ የባሕር ዳርን የመሰለ ሙቀት ባለበት ግን ያለ ፍሪጅ አይታሰብም።

አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሥራ ስምሪት መብታቸውን የሚደነግግ አዋጅና የሕንፃ አዋጅ አሉ። የክፍሉ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ግን 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታን በ4 ሜትር ርዝመት ይወጣል። በ1 ለ12 ልኬት ቢሠራ 7.2 ሜትር መሆን ነበረበት፤ አሁን ባለው ያለ ገፊ የሚወጣ ሰው የለም። የመጸዳጃ ቤቱ በርም ከ80 ሴንቲ ሜትር ይጠብባል። የመስማት ችግር ላለበት ተማሪ ድምፅ የሚያጎላ የኤሌክትሮኒክስ የልብና የሳንባ ማዳመጫ ተገዝቷል፤ ይህ ደግሞ ያስመሰግናቸዋል።

ስለ ጾም በአጭሩ። ክፍሉ ለረመዳን የስኳር ሕሙማን መመሪያ አለው፤ ለሁዳዴ ግን የለውም። በጎጃም ገጠር እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም የስኳር ታካሚ ሞልቷል። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር መድኃኒት ጠዋት ውጦ እስከዚያ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ስኳርን ራስ እስከ መሳት ያወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች፤ ሆኖም ታካሚው የሚሰማው የንስሐ አባቱን ነው። «ይጾማሉ ወይ?» ተብሎ ያለ ቁጣ ሊጠየቅ፣ ከተስማማም መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ምግብ ጋር ሊዛወር ወይም ሊቀየር ይገባል። ቁጣ ካለበት ይደብቃል።

ታካሚ ሆናችሁ ለምትመጡ፣ ቋንቋችሁን ካርድ ስታወጡ አስጽፉ፤ አስተርጓሚ እንዲመጣ ጠይቁ፤ ከተቻለ ጠዋት ድረሱ። ለስፔሻሊቲ ይህን ክፍል ለመምረጥ የምታስቡ ሴት ሐኪሞች ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት የዓመቱን የተረኞች ዝርዝር እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የወለዱ ሬዚደንቶች የተረኛነት ዕዳ ከፍለው እንደሆነና ትምህርታቸውን በስንት ዓመት እንደጨረሱ ከራሳቸው ከሬዚደንቶቹ ስሙ፤ ከኃላፊዎቹ የምትሰሙት ደንቡን ብቻ ነው።